የጎን ዓምድ ዝርዝርን በሲኤስኤስ ለመቀየር የትኛው መንገድ ይሻላል?

በድረ ገጽዎ የጎን ዓምድ ላይ «የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች» ወይም «ምድቦች» የሚል ዊጀት፣ ማለትም በዓምዱ ውስጥ የሚገባ ክፍል፣ አለ። ከየርዕሱ ፊት ያለችው ጥቁር ነጥብ ግን አልተስማማችዎትም፤ ቀለሟን መቀየር፣ በቀስት መተካት ወይም ጨርሶ ማጥፋት ይፈልጋሉ። ሥራው በሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ በሚያዝ ኮድ፣ የአምስት ደቂቃ ይመስላል። መልስ ፍለጋ ሲወጡ ስድስት ዓይነት መንገድ ያገኛሉ፤ አንዱ ነጥቧን አጥፍተው በቢፎር (ከጽሑፉ በፊት ነገር በሚያስገባ የሲኤስኤስ መጠሪያ) ሌላ ይሥሩ ይላል፣ ሌላው የጀርባ ምስል ያስገቡ ይላል፣ ሦስተኛው የአይከን ፎንት (በፊደል ፈንታ ሥዕሎችን የያዘ ፎንት) ያስጭንዎታል። በናሙናው ላይ ሁሉም ያምራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ውሎ አድሮ ነው፤ ርዕሱ ረዝሞ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ፣ በምድቡ ሥር ንዑስ ምድብ ሲጨመር፣ ገጹ በስልክ ሲከፈት ወይም ማየት የተሳነው ሰው በድምፅ ሲያዳምጠው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር፤ ለአብዛኛው የጎን ዓምድ ከዚህ በታች ከዘረዘርኳቸው መንገዶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ሰው ወደ ከባዶቹ የሚሮጠው ቀላሎቹ ስለማይሠሩ አይደለም። ብዙዎቹ መመሪያዎች የተጻፉት ቀላሎቹ ገና አቅም ባላገኙበት ዘመን በመሆኑ ነው።

ኮዱ ሲጻፍ በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው አስቀምጫለሁ።

## መለኪያዎቹ

መንገዶቹን የምመዝነው በአምስት ጥያቄ ነው። ቀለሙን፣ መጠኑንና ከጽሑፉ ያለውን ርቀት ምን ያህል ማዘዝ ይቻላል? ርዕሱ ሁለት መስመር ሲሆን ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ይጀምራል ወይስ ከምልክቱ ሥር ይገባል? ምስሉ ሳይመጣ ቢቀር ወይም ገጹ ቢታተም ምን ይተርፋል? በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ይህ ዝርዝር መሆኑን ያውቁታል? ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ኮዱን ሲከፍተው በቀላሉ ይገባዋል?

አራተኛው ጥያቄ በብዙ ንጽጽሮች ውስጥ አይነሳም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። በድምፅ አንባቢ የሚጠቀም ሰው «ዝርዝር፣ 8 ነጥቦች» ሲባል ከፊቱ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ሊያልፈውም ሊገባበትም ይመርጣል። ያ ማስታወቂያ ሲጠፋ ግን ስምንት ሊንክ ያለ መጀመሪያና ያለ መጨረሻ ይነበብለታል። ለውበት ስንል የዚህን ሰው መንገድ መዝጋት የለብንም።

## ከመምረጥዎ በፊት መዋቅሩን ይዩ

በዝርዝሩ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው የብሮውዘሩን መመርመሪያ ይክፈቱ። በመጀመሪያ የሚያዩት ክፍተቱን ነው። ብሮውዘሮች ለማንኛውም ዝርዝር ሳይጠየቁ 40 ፒክስል የውስጥ ክፍተት፣ ማለትም ፓዲንግ፣ በመነሻው በኩል ይሰጣሉ፤ ነጥቧም የምትቀመጠው እዚያ ነው። ብዙ ቴሞች (የገጹን ገጽታ የሚወስኑ ዝግጁ ንድፎች) ይህን ክፍተት 0 ያደርጉታል። ያን ጊዜ ነጥቧ ከዓምዱ ጠርዝ ውጭ ትወጣለች፤ ዓምዱ ከጠርዙ የሚያልፈውን ሁሉ እንዲቆርጥ ከታዘዘ ደግሞ ጭራሽ አትታይም። «ሁሉንም ጻፍኩ፣ ምልክቱ ግን አልወጣም» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው ይህ ነው። ምልክቱ ወጥቷል፤ መቆሚያ ግን አጥቷል። 1.2 ኤም (ኤም የፊደሉ መጠን ያህል ነው) ያህል ፓዲንግ ሲመልሱለት ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ወጥመድ እኔን አንድ ምሽት ሙሉ አንገላቶኛል። በዎርድፕረስ የተሠራ ገጽ ላይ «በጎን ዓምዱ ውስጥ ያለ የዝርዝር ነጥብ ሁሉ ቀስት ይኑረው» የሚል ደንብ ጻፍኩ፤ የዝርዝር ነጥብ የምለው ምልክቷን ሳይሆን በዝርዝሩ ያለውን እያንዳንዱን ክፍል ነው። ቀስቱ ከርዕሶቹ ፊት ወጣ፤ ከመፈለጊያው ሳጥን ፊትም ወጣ፤ ከቀን መቁጠሪያው ፊትም ወጣ። የቀስቱን አቀማመጥ ስገፋና ስስብ አመሸሁ። ስህተቱ ያለው ግን መምረጫው ላይ፣ ማለትም ደንቡ የትኛውን ክፍል እንደሚነካ በሚወስነው ላይ፣ ነበር። ዎርድፕረስ ቴሙ ሌላ ካላለው በስተቀር እያንዳንዱን ዊጀት ራሱን በዝርዝር ነጥብ ውስጥ ይጠቀልለዋል። ስለዚህ ዓምዱ ትልቅ ዝርዝር ነው፣ ዊጀቶቹ ነጥቦቹ ናቸው፣ ርዕሶቹ ደግሞ በነጥቦቹ ውስጥ ያለ ሌላ ዝርዝር። ዓምዱን በጅምላ የሚያዝ ደንብ ሁለቱንም ይመታል።

መፍትሔው ዊጀቱን በራሱ ክላስ፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ በተሰጠው መለያ ስም፣ መጥራት ነው። እዚህም ላይ አንድ ለውጥ አለ። ዎርድፕረስ ከስሪት 5.8 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ማለት ነው፣ የጎን ዓምዱን በብሎክ፣ ማለትም ገጹ በሚገጣጠምባቸው ቁራጮች፣ እንዲሠራ አድርጎታል። ቀድሞ «ዊጀት ካቴጎሪስ» የሚል ክላስ የነበረው የምድቦች ዝርዝር በብሎክ ሲገባ «ደብሊውፒ ብሎክ» በሚል መነሻ የሚጀምር ሌላ ክላስ ይይዛል። ከ2021 በፊት የተጻፈ ኮድ ቀድተው ምንም ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

## ሊስት-ስታይል-ታይፕ፦ የታናናቆቹ ሁሉ ታላቅ

ይህ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በወጣው በመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደረጃ ውስጥ ነበረ። ዲስክ ሙሉ ነጥብ፣ ሰርክል ባዶ ክብ፣ ስኩዌር አራት ማዕዘን፣ ዴሲማል ቁጥር ይሰጣል። ሰው የማያውቀው ግን ዛሬ ከዚህ የሰፋ መሆኑን ነው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የፈለጉትን ቁምፊ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ቀስት ይሁን፣ ሰረዝ ይሁን፣ «፠» ይሁን፣ እርሱ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ይህን ፋየርፎክስ ከስሪት 39፣ ክሮም ከ79፣ ሳፋሪ ከ14.1 ጀምሮ ይረዱታል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከቁምፊው በኋላ ክፍት ቦታ ራስዎ ካልጨመሩ ምልክቱ ከጽሑፉ ጋር ይጣበቃል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ስጦታ አለው። ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ የሚለው እሴት ዝርዝሩን በግእዝ ቁጥር ይቆጥራል፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ሄዶ ከ፲ በኋላ ፲፩ ይላል፣ እስከ ፻ና ከዚያም በላይ። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ነጥብ ሳይሆን እዝባር ነው፤ «፩/» ተብሎ ይጻፋል፣ ልክ በእጅ እንደምንጽፈው። «ብዙ የተነበቡ» ለሚል ዊጀት ከዚህ የተሻለ ጌጥ አላየሁም፤ አንድ መስመር ኮድ ነው፣ አንድም ምስል አይጭንም። የመረጡት ፎንት የግእዝ ቁጥሮች እንዳሉት ብቻ ያረጋግጡ፤ ከሌሉት ብሮውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደርና መጠኑ ከጽሑፉ ጋር ላይስማማ ይችላል።

የራስዎን አቆጣጠር መፍጠር ከፈለጉ ደግሞ አት-ካውንተር-ስታይል የሚባል ደንብ አለ። ምልክቶቹን በተራ ይደረድሩለታል፣ ከኋላ የሚከተለውንም ይነግሩታል፤ እዝባሩን ጠልተው «፩፦» ቢፈልጉ በዚህ ይሆናል። ፋየርፎክስ ቀደም ብሎ ከ33፣ ክሮም ከ91 ጀምሮ ተቀብለውታል፤ ሳፋሪ የዘገየው እስከ 17፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። የምልክቱ ቀለም የጽሑፉን ቀለም ይከተላል፣ ርቀቱንም ማዘዝ አይቻልም። ሁለተኛው መስመር ግን በትክክል ከፊደል ሥር ይጀምራል፤ ሊስት-ስታይል-ፖዚሽንን ወደ ውስጥ እስካላዞሩት ድረስ ማለቴ ነው። ካዞሩት ጽሑፉ ከምልክቱ ሥር ይገባል፤ በጠባብ ዓምድ ላይ ይህ ዓይን ያደክማል።

## ማርከር፦ ለብዙዎች መልሱ ይህ ነው

ለብዙ ዓመታት «ነጥቧን ብቻ ቀይ አድርጋት» ማለት አይቻልም ነበር። ጽሑፉን በሌላ መጠቅለያ ውስጥ ከትቶ ዝርዝሩን ቀይ፣ መጠቅለያውን ጥቁር ማድረግ ግድ ነበር። ማርከር የሚባለው የምልክቱ ራሱ መጠሪያ ይህን ፈታው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ68 ጀምሮ፣ ክሮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከ86 ጀምሮ ያውቁታል። ሳፋሪም ቀለምንና የፊደል መጠንን ይቀበላል።

የሚቀበለው ግን ጥቂት ነው፤ ቀለም፣ የፎንት ነገሮች፣ ይዘትና ጥቂት ሌሎች። የጀርባ ቀለም፣ ፓዲንግና ማርጂን አይነኩትም። ይዘት መቀየሩን ደግሞ ሳፋሪ ለረጅም ጊዜ ሳይቀበለው ቆይቷል፤ ስለዚህ ቁምፊውን ከላይ ባየነው በሊስት-ስታይል-ታይፕ ይስጡ፣ ቀለሙንና መጠኑን በማርከር። ሁለቱ ተባብረው ሦስት መስመር ኮድ ናቸው። ዝርዝሩ ዝርዝርነቱን አይለቅም፣ ሁለተኛው መስመር አይበላሽም፣ ሲታተምም ምልክቱ አብሮ ይወጣል። አንድ ብሮውዘር ማርከርን ባያውቅ እንኳ የሚጠፋው ቀለሙ ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቴሙ የዝርዝሩን ነጥብ ፍሌክስ (ይዘቱን ጎን ለጎን የሚያሰልፍ አቀማመጥ) ካደረገው ማርከር የለም። ምልክት የሚኖረው ነጥቡ በዝርዝር ነጥብነቱ ሲታይ ብቻ ነውና አሠላለፉ ሲቀየር ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ኮድዎ ትክክል ሆኖ ውጤት ካጡ መመርመሪያው ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ይዩ።

## ሊስት-ስታይል-ኢሜጅ፦ ባይመርጡት ይሻላል

ምስል በቀጥታ ምልክት የሚያደርገው ይህ ነው። አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ምስሉ ሳይመጣ ከቀረ በታይፕ የተሰጠው ምልክት ይተካዋል። ሆኖም የምስሉን መጠን ማዘዝ አይቻልም፣ ከፍ ዝቅ ማድረግም አይቻልም። 16 ፒክስል ምስል 14 ፒክስል ጽሑፍ አጠገብ ሲቀመጥ አንዱ ከሌላው ጋር አልተስማማም ብለው ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ የሚጨብጡት ነገር የለም። ምስሉን ራሱን በሌላ ፕሮግራም ቆርጠው እንደገና መጫን ነው ያለዎት ምርጫ።

## ቢፎር፦ ሙሉ ሥልጣን፣ ሙሉ ኃላፊነት

ነጥቧን አጥፍተው ከጽሑፉ በፊት የራስዎን ምልክት በቢፎር ይፈጥራሉ። የዝርዝሩን ነጥብ አንጻራዊ ቦታ ሰጥተው፣ በግራ 1.4 ኤም ያህል ፓዲንግ ትተው፣ ምልክቱን በዚያ ክፍተት ውስጥ በፍጹም ቦታ ያስቀምጡታል። ከዚህ በኋላ የማይቻል ነገር የለም። ክብ ሳጥን፣ የጀርባ ቀለም፣ የሚሽከረከር ቀስት፣ ሊንኩ ሲነካ የሚሸሽ ሰረዝ፣ ሁሉም ይሆናል።

ዋጋው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ነጥቧን በነን («ምንም» በሚለው የሊስት-ስታይል እሴት) ሲያጠፉ ሳፋሪ ከቮይስኦቨር፣ ከአፕል ድምፅ አንባቢ፣ ጋር ሲሠራ ዝርዝሩን ዝርዝር ብሎ ማስታወቁን ያቆማል። ዝርዝሩ ናቭ በሚባለው የአሰሳ ክፍል ውስጥ ከሆነ አያቆምም። ካልሆነ ኤችቲኤምኤሉ ላይ ሮል ሊስት የሚል መለያ መጨመር፣ ኤችቲኤምኤሉን መንካት ካልቻሉ ደግሞ በነን ፈንታ ባዶ ጥቅስ መስጠት ይቻላል። ባዶ ጥቅሱ ነጥቧን ያጠፋል፣ ዝርዝርነቱን ግን አይነካም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ በቢፎር የገባ ቁምፊ በድምፅ ሊነበብ ይችላል። አድማጩ ከየርዕሱ በፊት «ወደ ቀኝ ቀስት» እየተባለ ስምንት ጊዜ ይሰማል። አዳዲስ ብሮውዘሮች ከቁምፊው በኋላ እዝባር አድርገው ባዶ አማራጭ ጽሑፍ ሲሰጧቸው ዝም ይላሉ። ቁምፊ ሳይጠቀሙ ባዶ ሳጥን በቀለም ወይም በጠርዝ መሳልም ያው ዝምታን ያመጣል።

ሦስተኛው ንዑስ ዝርዝርና ቁጥር ነው። በምድቦች ዊጀት «የጽሑፍ ብዛት አሳይ» ከተመረጠ በቅንፍ ያለው ቁጥር የሚቀመጠው ከሊንኩ ውጭ፣ ከሊንኩ ቀጥሎ ነው። ሊንኩን በሲኤስኤስ ብሎክ፣ ማለትም ሙሉ መስመር እንዲይዝ፣ ካደረጉት ቁጥሩ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ «ስፖርት» ከላይ፣ «(12)» ከሥሩ። ይህን ለማዳን የዝርዝሩን ነጥብ ፍሌክስ ካደረጉት ቁጥሩ ወደ ጎን ይመለሳል፣ ነገር ግን ንዑስ ምድቦቹ ከወላጃቸው ሥር መሆናቸው ቀርቶ በጎኑ ይሰለፋሉ። ንዑስ ምድብ ያለው ሰው ፍሌክሱን ትቶ ሊንኩን በመስመር ውስጥ ያስቀምጠው፤ ለጣት የሚበቃ ቦታ ከላይና ከታች በሚሰጥ ፓዲንግ ይገኛል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 ለሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይጠይቃል። የጎን ዓምድ ሊንኮች ተጨናንቀው ሲደረደሩ ከዚህ በታች የሚወርዱት በስልክ ላይ ነው።

## የጀርባ ምስልና የአይከን ፎንት

የጀርባ ምስል የድሮዎቹ መንገድ ነው፤ ቢፎር በስፋት ሳይለመድ ብዙ ቴሞች በዚህ ሠርተዋል። መጠንና ቦታ ይታዘዛል፣ ሁለተኛው መስመርም አይበላሽም። ነገር ግን ብሮውዘሮች ገጽ ሲያትሙ በነባሪ ጀርባን አያትሙም፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት የሌለው ዝርዝር ይወጣል። የምስሉም ቀለም የጽሑፉን ቀለም አይከተልም፤ ለጨለማ ገጽታ ሌላ ምስል ያስፈልጋል።

የአይከን ፎንት ለአንድ ቀስት ሲሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ያሉበትን ፋይል ያስወርዳል፤ ፋይሉ ካልመጣ አንባቢው ባዶ ሳጥን ያያል። ገጽዎ ፎንቱን ቀድሞ ለሌላ ነገር እየጫነው ከሆነ ይጠቀሙበት፣ ለዝርዝር ብቻ ብለው ግን አይጫኑት።

## በሠንጠረዥ

| መንገድ | ቀለም | መጠንና ርቀት | ሁለተኛ መስመር | ሲታተም | ዝርዝርነቱ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሊስት-ስታይል-ታይፕ | የጽሑፉን ይከተላል | አይታዘዝም | ትክክል | ይወጣል | አይነካም | በጣም ቀላል |
| ታይፕ ከማርከር ጋር | ይታዘዛል | መጠኑ ብቻ | ትክክል | ይወጣል | አይነካም | ቀላል |
| ሊስት-ስታይል-ኢሜጅ | በምስሉ | አይታዘዝም | ትክክል | ይወጣል | አይነካም | አስቸጋሪ |
| ቢፎር | ይታዘዛል | ሁለቱም | በፓዲንግ ይስተካከላል | ጀርባ ቀለም ካልሆነ ይወጣል | ጥንቃቄ ይሻል | መካከለኛ |
| የጀርባ ምስል | በምስሉ | ሁለቱም | በፓዲንግ ይስተካከላል | በነባሪ አይወጣም | ጥንቃቄ ይሻል | መካከለኛ |
| የአይከን ፎንት | ይታዘዛል | ሁለቱም | በፓዲንግ ይስተካከላል | ፎንቱ ከመጣ ይወጣል | ጥንቃቄ ይሻል | ከባድ |

## ኮዱን የት ያስቀምጡት?

የቴሙን ዋና የሲኤስኤስ ፋይል በቀጥታ መንካት ፈጣን ነው፣ ቴሙ በታደሰ ቀን ግን ሥራዎ ይደመሰሳል። በዎርድፕረስ ከ4.7 ጀምሮ «ተጨማሪ ሲኤስኤስ» የሚባል ሳጥን አለ፤ ዝማኔ አይነካውም፣ ለውጡንም ከማስቀመጥዎ በፊት ያሳይዎታል። የተያያዘው ከቴሙ ጋር ስለሆነ ቴም ሲቀይሩ አብሮዎት አይሄድም፤ ቅጂ ይያዙ። ለጥቂት መስመር ሳጥኑ ይበቃል። ሌላም ብዙ ነገር የሚቀይሩ ከሆነ ወይም ከእርስዎ ሌላ የሚሠራ ሰው ካለ ልጅ ቴም (የዋናውን ቴም ንድፍ የሚወርስ የራስዎ ቴም) ይፍጠሩ።

የጻፉት ደንብ ካልሠራ መመርመሪያው ላይ በመስመር የተሰረዘ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ማለት የቴሙ ደንብ በክብደት በልጦታል ነው። ቴሙ በአይዲ (ለአንድ ክፍል ብቻ በተሰጠ መለያ) ከጠራ ስንት ክላስ ቢደረድሩ አይበልጡትም፤ እርስዎም ያንኑ አይዲ ከፊት ያስገቡ። ደንቡን ከሌሎቹ በላይ የሚያደርገውን ኢምፖርታንት የሚለውን ቃል የመጨረሻ መጠጊያ አድርጉት ይባላል፤ እውነት ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እርሱን ለመብለጥ ሌላ ኢምፖርታንት ይጽፋል።

## እንደ ፍላጎትዎ

ነጥቧን በሌላ ቀለም ወይም በቀስት መተካት ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፣ ያለዎትም ጊዜ አሥር ደቂቃ ከሆነ፣ ታይፕንና ማርከርን ይውሰዱ። ለተቆጠረ የአማርኛ ዝርዝር ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ።

ምልክት ጭራሽ የማይፈልጉ ከሆነ ባዶ ጥቅሱን ይስጡና ርዕሶቹን በቀጭን መስመር ይለያዩ፤ ምልክቱ ከሄደ አንዱ ርዕስ የት እንዳበቃ የሚነግረው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

የድርጅትዎ ንድፍ ክብ ሳጥን፣ የራሱ ቀለምና እንቅስቃሴ ያለው ምልክት ከጠየቀ ቢፎርን ይጠቀሙ፤ ግማሽ ቀን ይመድቡለት። ያን ግማሽ ቀን የሚወስደው ምልክቱን መሥራቱ አይደለም፤ በረጅም ርዕስ፣ በሦስት ደረጃ ንዑስ ምድብ፣ በስልክና በድምፅ አንባቢ እየከፈቱ መሞከሩ ነው።

ቀድሞ በጀርባ ምስል የተሠራ ዓምድ ከተረከቡና የሚያማርር ሰው ከሌለ አሁን አይንኩት። ቴሙ ሲቀየር ወይም የጨለማ ገጽታ ሲጠየቅ ያኔ ወደ ማርከር ያዙሩት።